የወፏ ዓይን ሳይደበዝዝ፦ ስለ ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳችኋል? እሺ፣ ጥሩ።

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥዕል ተማሪዎች፣ ቅዳሜና እሑድ አቅራቢ መነጽር አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ወፍ ፍለጋ የምትወጡ ወጣቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህን ምሽት ላሰናዱልን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የማወራላችሁ ስለ አንድ ሠዓሊ ነው። ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ይባላል። አሜሪካዊ ነው። እስኪ ስሙን ከዚህ በፊት የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ። ጥቂት ናችሁ፤ እሱም አያስገርምም፣ ማን ነገረን? ግን ሰውዬው ለእኛ ባዳ አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች የሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ የሚሏቸውን ሥዕሎች የሣለው እዚህ ነው። በእኛ ተራሮች፣ በእኛ ሐይቆች ዳር፣ በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ። ክረምቱ እንደወጣ መጣ፤ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ወጣ። ያም በእኛ አቆጣጠር 1919 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር።

ሦስት ነገር ነው የምላችሁ። አንደኛ፣ ይህ ልጅ እንዴት የወፍ ሠዓሊ ሆነ? ሁለተኛ፣ እንዴት ነበር የሚስለው? ሦስተኛ፣ እኛ ሀገር መጥቶ ምን ሠራ? ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ታገሡኝ፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው ያለው።

እንጀምር።

ፉዌርቴስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1874፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኢታካ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ከፖርቶ ሪኮ የመጣ መሐንዲስ ሲሆን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበር። ልጁን በሊቁ የተፈጥሮ ተመራማሪ በሉዊስ አጋሲዝ ስም ጠራው። አጋሲዝ ያረፈው ልጁ ከመወለዱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። እንግዲህ ስም ይመራል የምንለው ነገር አለ አይደል? ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ወፍ ወፍ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ወላጆቹ ወጥ ቤት ሲገቡ ከነሕይወቷ ያለች ጉጉት በጠረጴዛው እግር ላይ ታስራ አገኙ ይባላል። ማን እንዳሰራት መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

በ14 ዓመቱ የመጀመሪያውን የወፍ ሥዕል በቀለም ሣለ። የመረጠውን ወፍ ልብ በሉልኝ። ቀይ ክሮስቢል ይባላል። የመንቁሩ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ ሲገጥሙ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ። ወፉ በዚያ መንቁር የጥድ ፍሬ ቅርፊት ውስጥ ገብቶ ዘሩን ፈልቅቆ ያወጣል። በጥሞና ያላየ ሰው መንቁሩ የተሰበረ ይመስለዋል። ይህ ልጅ ግን ከመጀመሪያው የጀመረው በጥሞና ካልታየ በማይሣል ወፍ ነው። በ17 ዓመቱ የአሜሪካ የወፍ ተመራማሪዎች ማኅበር አባል አድርጎ ተቀበለው።

ታዲያ ሥዕል እንጀራ ይሆናል? እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ይህን ጥያቄ ተጠይቃችኋል? አያችሁ፣ አሁን ብዙ እጅ ወጣ! የእኔም አባት፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ወፍ ስትቆጥር ዕድሜህን እንዳትጨርስ» ይለኝ ነበር። ቤት እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የሥዕል ደብተሬን ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ገጽ በገጽ እየገለጠ ያሳይ ነበር። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁም ያንን ያያሉ፤ ይገባቸዋልም።

ፉዌርቴስም ኮርኔል ሲገባ የተመዘገበው ለሥነ ሕንፃ ትምህርት ነው። መንገዱን የቀየረለት መዝሙር ነው ብል ታምኑኛላችሁ? የዩኒቨርሲቲው የመዘምራን ቡድን አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ቡድኑ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ አንድ አብሮት የሚዘምር ጓደኛው ወደ ራሱ አጎት ወሰደው። አጎትየው ኤሊየት ኩዌስ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ የአሜሪካ የወፍ ሊቃውንት አንዱ። ሥዕሎቹን አየ። በቃ፣ «ይህ ሙያህ ነው» አለው። በዓመቱ የልጁን ሥዕሎች የማኅበሩ ጉባኤ ላይ ይዞ ቀርቦ ለሁሉም አሳየለት። ፉዌርቴስ ገና ተማሪ ሳለ የመጽሐፍ ሥዕል መሥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ትልቅ ሰው፣ ስም ያለው ሰው፣ የአንድ ተማሪ ሥዕል ብብቱ ሥር ይዞ ጉባኤ ገባ። ቀላል ነገር አይደለም። ፉዌርቴስም በዕድሜው ሁሉ ይህን አልረሳም። ወጣቶች ደብዳቤ ሲጽፉለት በረጅሙ ይመልስ ነበር፤ ሥዕል ሲልኩለት ያርምላቸው ነበር። በኋላ ትልቅ የወፍ ሠዓሊ የሆነውን ጆርጅ ሚክሽ ሳተንን እ.ኤ.አ. በ1916 የበጋውን ወራት ኢታካ አምጥቶ አስተምሮታል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። እንዴት ነበር የሚስለው?

መምህሩ አቦት ቴየር የሚባል ሠዓሊ ነበር። ቴየር የሰው ሥዕል ሠሪ ሆኖ ሳለ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣው፦ እንስሳት ለምን ጀርባቸው ጠቆር፣ ሆዳቸው ነጣ ይላል? ሚዳቋን አስቡ። ጥንቸልን አስቡ። ዓሣን አስቡ። ለምን? መልሱን ያገኘው ሠዓሊ በመሆኑ ነው። ብርሃን ከላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ የማንኛውም ክብ ነገር ላዩ ይበራል፣ ሥሩ ይጨልማል። ዓይናችን ነገሩ ክብ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ጥላ ነው። ጀርባው ጠቁሮ ሆዱ ከነጣ ግን ብርሃንና ጥላ ይጠፋፋሉ፤ እንስሳው ክብነቱን ያጣል፤ ከጀርባው ካለው መሬት ጋር ይመሳሰላል።

እ.ኤ.አ. በ1896 ቴየር ይህን ለወፍ ተመራማሪዎች ያስረዳው በምን መሰላችሁ? በስኳር ድንች! ድንቾቹን በሽቦ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ አቆማቸው። አንዳንዶቹን ዙሪያቸውን አንድ ዓይነት የአፈር መልክ ሰጣቸው። ሌሎቹን ከላይ አጠቆራቸው፣ ከሥር አነጣቸው። ሰዎቹ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ሲያዩ ዙሪያቸውን አንድ ዓይነት የሆኑት ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከሥር የነጡት ግን የሉም! ሄዳችሁ ቤታችሁ ሞክሩት።

ፉዌርቴስ ከዚህ መምህር የተማረው ብርሃንን ማየት ነው። ላባ ላይ የሚያርፍ ብርሃን፣ ከሣር ተመልሶ ሆድ ሥር የሚገባ ብርሃን። ከእሱ በፊት የነበሩ ብዙ የወፍ ሥዕሎች ደርቀው እንደ እንጨት የቆሙ ናቸው። የእሱ ወፍ ግን ክብደት አላት። ቅርንጫፉን ስትጨብጠው ይታያችኋል። አሁን ልትበር ነው ትላላችሁ።

ግን ብርሃን ብቻ አይደለም። አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ።

በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው በጠመንጃ ነበር። ወፉ ይመታል፤ ቆዳው ይገፈፋል፤ ጥጥ ይሞላበታል፤ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ፉዌርቴስም ይተኩስ ነበር፣ ይገፍፍ ነበር። ይህን አልደብቃችሁም። ላባ ቀለሙን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ላባ የሌለው ክፍልስ? ዓይን፣ በዓይን ዙሪያ ያለ ቆዳ፣ ባዶ ፊት፣ የመንቁር ሥር፣ እግር? እነዚህ ወፉ ከሞተ በኋላ ፈጥነው ይለወጣሉ። ቀዩ ቡናማ ይሆናል። ሰማያዊው ይጠቁራል። ዓይን ይደበዝዛል። ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የዓይኑ ቦታ ጥጥ ነው።

ስለዚህ ፉዌርቴስ ወፍ እጁ እንደገባ ሁሉን ነገር ትቶ ቀለሙን ያወጣል። መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ፊቱን፣ እግሩን። ሳይደበዝዝ። ሳይደርቅ። ሳይለወጥ። ሌሎች ሲያርፉ እሱ ይስላል። ያቺ ትንሽ ወረቀት ለሳይንስ የማትተካ ማስረጃ ሆነች፤ ከእሷ ሌላ የዚያን ወፍ የሕይወት ቀለም የያዘ ነገር የለምና።

ለምን ይህን ያህል አጠበቅሁት? አንድ ነገር ላውራችሁ።

ቄራ አካባቢ ጥንብ አንሳዎችን ለመሳል እሄድ ነበር። ትንሿን፣ ቡናማዋን ማለቴ ነው፤ ቀጭን መንቁር ያላትን። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ጣሪያ ላይ ኩምትር ብላ የምትቀመጠዋ። አንድ ጠዋት አንዷ ከግንብ አጥር ላይ ቅርቤ አረፈች። ፊቷ ላባ የለውም፤ የለሰለሰ ሐምራዊ ነጭ ነው። እየሣልኩ ሳለ ሌላ መጣችና ለቁራጭ ሥጋ ተናጠቁ። እዚያው ዓይኔ እያየ ፊቷ ቀላ። ከጉንጯ ጀምሮ ወደ አንገቷ ወረደ፤ ደም መሰለ። ሌላዋ ለቃ ስትሄድ ቅላቱ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ፊቷ ተመልሶ ነጣ። እንግዲህ ንገሩኝ፣ የዚህች ወፍ ፊት ምን ዓይነት ቀለም ነው? የደረቀ ቆዳ ይህን ሊነግራችሁ ይችላል? አይችልም። ሲሆን ያየው ሰው ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ይህችን ወፍ ስንት ሰው ይጸየፋታል! እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችን በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል መዝግቧቸዋል፤ ከአራቱ አንዷ እሷ ናት። መርዝ ትልቁ ገዳያቸው ነው። ለጅብና ለውሻ የተቀመጠ መርዝ ጥንብ አንሳን ይፈጃል። ጥንብ አንሳ ከሌለ ደግሞ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ይበሰብሳል፤ ውሻ ይበዛል፤ በሽታ ይከተላል። እባካችሁ፣ እባካችሁ ይህን ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ።

ሌላ ልጨምር፤ ከርዕሴ ብወጣም ይቅር በሉኝ። ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጬ አጥንት ሰባሪውን ትልቁን ጥንብ አንሳ እጠብቅ ነበር። ጢም ያለውን። አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ደብተሬን አየ፣ ዝም አለ። ወፉ አጥንት ይዞ ከሸለቆው ብቅ ሲል ልጁ፣ «ጋሼ፣ ወፉን ተወውና ያንን ድንጋይ እይ» አለኝ። ጠፍጣፋ አለት አሳየኝ። ወፉ ወደ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ አጥንቱን ለቀቀው። ልክ አለቱ ላይ! ተሰባበረ። ወፉ ወርዶ መቅኑን በላ። አለቱ ዙሪያው በአጥንት ስብርባሪ ነጥቷል። ልጁ፣ «ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚጥለው» አለኝ።

ይህ ወፍ ደረቱ ብርቱካናማ ነው አይደል? ያ ቀለም የላባው አይደለም። ብረት ባለበት ቀይ አፈርና ጭቃ ውስጥ እየታጠበ ራሱን የሚቀባው ነው። በአጥር ውስጥ ሲያድጉና ጭቃው ሲነፈጋቸው ደረታቸው ነጭ ይሆናል። እንግዲህ እዩት፤ ይህም ሲኖር ካልታየ አይታወቅም። የተፈጥሮ ሊቅ የምንለው ሰው ሥራው ይህ ነው፤ ቁጭ ብሎ ማየት። ያ እረኛ ልጅ ለእኔ ከሊቆቹ አንዱ ነው። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ሁልጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ አለ። «ካሜራ እያለ ሥዕል ለምን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ፎቶ የዚያችን ወፍ የዚያችን ቅጽበት ይይዛል። እግሯን ሣር ሸፍኖት ከሆነ እግር የለም። ጥላ ክንፏ ላይ ካረፈ ቀለሙ ሌላ ነው። ሠዓሊ ግን ብዙ ጊዜ ያየውን ሰብስቦ በአንድ ሥዕል ላይ ያኖራል። ለዚህ ነው በዓለም ላይ ያሉ የወፍ መለያ መጻሕፍት ዛሬም በአብዛኛው በሥዕል የሚሠሩት። ደግሞ ሥዕል ይጠይቃችኋል። እስኪ እንሞክር። ዓይናችሁን ጨፍኑ። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የምታዩአትን ግራጫ እርግብ አስቡ። ማጅራቷ ላይ ምን አለ? ማን ይንገረኝ? ነጭ! ጎበዝ! ነጭ ኮሌታ አላት። ይህች እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለችም። በየቀኑ በላያችን ትበራለች። እሺ፣ የእግሯስ ቀለም? ዝም አላችሁ። እርሳስ የያዘ ሰው ግን ዝም ማለት አይችልም። ሄዶ ያያል።

የፉዌርቴስ ሥዕሎች የሀብታም ሳሎን ብቻ አልነበሩም። የሶዳ ፓኬት ውስጥ ገብተዋል። አዎ፣ ዳቦ የሚጋገርበት ሶዳ! አርም ኤንድ ሀመር የሚባለው ሶዳ በየፓኬቱ ትንሽ የወፍ ካርድ ያስገባ ነበር። ልጆች ይሰበስቧቸው ነበር። ካርዱ ላይ «ለሁሉም ጥቅም ሲባል ወፎችን አታጥፉ» የሚል መልእክት ነበረበት። ወፍ ለሴቶች ባርኔጣ ላባ ሲባል በጅምላ የሚታደንበት ዘመን መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ተሰዳጅ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ሕጉን ያመጡት ብዙ ሰዎች ናቸው። ግን ሰው ለማያውቀው ነገር ጥብቅና አይቆምም። በየወጥ ቤቱ የገቡት እነዚያ ትንንሽ ሥዕሎች ወፎቹን አስተዋውቀዋል።

አሁን ሦስተኛው። እኛ ሀገር።

ከዚያ በፊት ብዙ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ አላስካ በተደረገው ታላቁ የሃሪማን ጉዞ ሄዷል። ከወዳጁ ከወፍ ሊቁ ከፍራንክ ቻፕማን ጋር ባሃማስን፣ ሜክሲኮን፣ ኮሎምቢያን አይቷል። ኮሎምቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1911 የተገኘችውን አንዲት በቀቀን ቻፕማን በእሱ ስም ሰይሟታል። ከዚያ ወፏ ጠፋች። የለችም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2002 እዚያው ተራሮች ላይ እንደገና ተገኘች። ዘጠና ዓመት ገደማ አልፎ! ይህን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

እ.ኤ.አ. በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ በጋራ ወደ ኢትዮጵያ የጥናት ቡድን ላኩ። መሪው የአጥቢ እንስሳት ሊቁ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር። ሠዓሊው ፉዌርቴስ። ጊዜው ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት የነበሩበት ነው። ቡድኑ ከጂቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ባቡር የለም፤ በቅሎ ነው። መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ አርሲና ባሌ። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ጎጃም፣ ጣና፣ ጎንደር፣ ሰሜን ተራሮች። መውጫው በሱዳን በኩል ሆነ።

እስኪ ያንን መንገድ በበቅሎ አስቡት! የባሌ ተራሮች ብርድ። የዓባይ በረሃ ሙቀት። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ። ማታ ድንኳን ተተክሎ ሌላው ሲተኛ ፉዌርቴስ የውሃ ቀለሙን ያወጣል። የዕለቱ ወፍ ዓይኑ ሳይደበዝዝ መሣል አለበት። ነገ የለም፤ ነገ ሌላ ወፍ አለ። በዚህ ሁኔታ ከ100 በላይ ሥዕሎችን ሣለ፤ ወፎችንም አጥቢ እንስሳትንም። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል። ግን መስመሩ አልደከመም። ይልቁንም ነጻ ወጣ። ሌላ ጊዜ አሳታሚ የሚፈልገውን ይሠራ ነበር፤ ብዙ ወፍ በአንድ ገጽ ላይ አጨናንቆ። እዚህ ግን አንድ ወፍ፣ አንድ ወረቀት። ያየውን ብቻ።

ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ሥዕሎቹን ለማን ቀድሞ ያሳይ? ለቻፕማን። ከሚስቱ ጋር መኪና ይዘው ቻፕማን ወዳለበት ታነርስቪል ሄዱ፤ አሳዩት። ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ በእነሱ ኦገስት 22 ቀን 1927፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዩናዲላ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የባቡር ሐዲድ ያቋርጣሉ። ድርቆሽ መንገዱን ከልሎት ነበር። ባቡሩን አላየውም። እሱ ሞተ። ሚስቱ ክፉኛ ተጎዳች። መኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ተወርውረው ወደቁ። ሳይጎዱ ተገኙ።

ይህን ስናገር አሁንም ድምፄ ይይዘኛል። ይቅርታ።

ከጉዞው አባላት አንዱ የነበረው ሱይዳም ከቲንግ ሥዕሎቹን ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1930 ሙዚየሙ ከመካከላቸው 32ቱን መርጦ በአንድ አልበም አሳተመ። ዛሬም ሥዕሎቹ ቺካጎ ናቸው።

እኔ እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በሀገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከመካከላቸው ከእኛና ከጎረቤቶቻችን በቀር የትም የሌሉ አሉ። ማነው የሣላቸው? ስንቶቹን የእኛ እጅ ሣላቸው? ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ያን መንቁረ ወፍራም ቁራ በየገደሉ አፋፍ የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። እርኩምን የማያውቅ ገበሬ የለም። ታዲያ ሥዕላቸው የልጆቻችን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የት አለ? እኔ ስዞር ብዙ ጊዜ የማገኘው የዝሆንና የቀጭኔ ሥዕል ነው። ዝሆን አልጠላሁም። ግን ልጁ ከቤቱ ደጃፍ ላይ የሚያያትን ወፍ በመጽሐፉ ሲያገኛት፣ ያን ጊዜ ነው ትምህርቱ የእሱ የሚሆነው። አስተማሪዎች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ላይ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጧቸው። ዛፉ ሥር አስቀምጧቸው። እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

አንድ ታሪክ ይቀረኛል፤ ከዚያ ወደ ሥራ እንገባለን።

እ.ኤ.አ. በ1925 ኒው ዮርክ ከተማ የወፍ ተመራማሪዎች ጉባኤ ነበር። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከፉዌርቴስ ጋር ተገናኘ። ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን ይባላል። ፉዌርቴስ የልጁን ሥራ አየለት፣ መከረው። ከኪሱ ብሩሽ አውጥቶ ሰጠው። «ሥዕሎችህን ላክልኝ፤ አይቼ አስተያየት እሰጥሃለሁ» አለው። ልጁ ደስ አለው። ግን አልላከም። ለእንደዚህ ያለ ሰው የሚገባ ጥሩ ሥዕል እስክሠራ ልቆይ አለ። ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ። ፉዌርቴስ ሞተ። ፒተርሰን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 ወፍ የምንመለከትበትን መንገድ የቀየረ የመስክ መለያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዓለም ታወቀ። ያንን ሥዕል ግን ሳይልከው ቀረ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደብተር ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ስትገቡ አይቻችኋለሁ፤ ቦርሳችሁ ውስጥ ከታችሁታል። እዚያ ጋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለሽው እህቴ፣ አንቺም ይዘሻል። ያላለቀም ይሁን፣ የተሰረዘም ይሁን፣ እግሩ ያልተሣለም ይሁን። ጠረጴዛዎቹን ወደ መሃል እንግፋቸውና ደብተሮቻችሁን ላያቸው ላይ ዘርጉልኝ። እስከ ስንት ሰዓት ነው የተፈቀደልን? ሁለት ሰዓት ተኩል? ጊዜ አለን። ከግራ በኩል እንጀምር።

አመሰግናለሁ!